«ያዝሽው?»

የታክሲ ነጂ ልጆች ይህን ያውቁታል፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲያወራ የዋለ አባት ማታ ቤቱ ሲገባ ቃል አይተርፈውም። የእኔም አባት እንደዚያ ነበር። ስለ ኑሮ የሚያማርረውን «እህ» እያለ፣ ሰካራሙን እያባበለ፣ ለቀስተኛዋን እያጽናና ውሎ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስበት ግቢያችን ይገባል። እግሩን ይታጠባል፣ ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ እራቱን ይበላል። እኛም ልጆቹ የጊዜውን ሥርዓት ጠብቀን፣ ሲጠራን «አቤት» ብለን ዓይኑን ሳናይ ቆመን፣ የታዘዝነውን ሰምተን እንወጣለን። ፍቅር አልነበረም ማለቴ አይደለም። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው መጨዋወት ግን አልተለመደም።

ስለ አባቴ ከማውቀው አብዛኛውን የሰማሁት ሳሎን ተቀምጬ አይደለም። አንገቴን ኮፈን ውስጥ ቀብሬ ነው፤ እሱ ላዳዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ እኔ ከላይ ቁልፍ ይዤ፣ የፊት አሞርዛተር ስንቀይር።

ላዳዋ 2101 ነበረች። ታችዋ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ፤ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ጎዳና የምናውቃት ዓይነት። ከፊያት 124 ጋር የምትመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር፣ በጣሊያኑ ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ፋብሪካ ተከለች፤ መኪኖቹም በ1970 መውጣት ጀመሩ። ፊያት 124 በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠች ብትሆንም የሩሲያን መንገድ ግን አልቻለችውም። ስለዚህ ቆርቆሮዋ እንዲወፍር፣ ሆዷም ከመሬት ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗ በታምቡር ተተካ። አባቴ ይህን ታሪክ ከጋራዥ ወሬ ለቃቅሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ «ጣሊያን ለሽርሽር ሠራት፣ ሩሲያ ለሥራ አጠነከራት።»

ሥራ የሚለው የአዲስ አበባን መንገድ ነው። ያኔ አስፋልቱ ዋናው ጎዳና ላይ ነው፤ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ኮረኮንች ይጀምራል። ኮንትራት የያዘ ተሳፋሪ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሏልና በሩ ድረስ ካልወሰዱት አይወርድም። ሽሮ ሜዳም ሆነ ኮልፌ፣ ጉለሌም ሆነ ኮተቤ፣ ውስጥ ለውስጥ መግባት ግድ ነው። ክረምቱ ሲጠና ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ይሞላና ጥልቀቱን የሚያውቀው የገባበት ጎማ ብቻ ይሆናል። መስከረም ሲጠባ የላዳዋ የፊት አሞርዛተሮች አልቀው ይጠብቁናል።

ማለቃቸውን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ወደ መሬት ይደፋል። ጉብታ ካለፈች በኋላም መነቅነቋን አትተውም። የፊት ጎማዎቿ እኩል በመበላት ፈንታ እዚህም እዚያም ቦታ ቦታ እየለዩ ይበላሉ። አሞርዛተሩን ጎንበስ ብለው ቢያዩት ከውስጡ የወጣው ዘይት አቧራ ይዞ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተለጥፎበታል። አባቴ ግን ከሁሉ በፊት የሚያምነው መዳፉን ነው። የፓራፋንጎዋን ጫፍ በሁለት እጁ ወደ ታች ይጫንና ድንገት ይለቃል። ጤነኛ ብትሆን አንዴ ተነሥታ ቀጥ ትላለች። እሷ ግን ትሰግዳለች፣ ደግማ ትሰግዳለች። ያኔ ወደ እኔ ዞር ሳይል «እሁድ» ይላል። ለእኔ ግብዣ ነበር።

ለምን ቤት? ጋራዥ መውሰድ ሁለት ወጪ ነው፤ የእጅ ዋጋና ያልተሠራበት ቀን። እሱ የሚናገረው ምክንያት ይኸው ነበር፤ እኛም ለረጅም ጊዜ ያመንነው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሶማሌ ተራ አብሬው እሄዳለሁ። ሻጩ «የፋብሪካ ነው፣ ኦሪጅናል» እያለ ካርቶኑን ያገላብጣል። አባቴ ካርቶን አያይም። አሞርዛተሩን አውጥቶ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል፤ ዘንጉን በመዳፉ ቀስ ብሎ እስከ ታች ይጫነዋል፣ መልሶ እስከ ላይ ይስበዋል፤ የገባበት አየር ካለ እስኪወጣ ደጋግሞ። ከዚያ ጆሮውን ያስጠጋል። መሃል ላይ ያለ ጉልበት ባዶውን የሚያልፍበት ቦታ ካገኘ፣ ወይም ዘንጉ አንገት ላይ የዘይት እርጥበት ካየ፣ ምንም ሳይናገር ለሻጩ ይመልስለታል። ሻጩም ምንም ሳይናገር ሌላ ያወርዳል። አንዴ ለእኔ አቀበለኝና «ግፊው» አለኝ። ገፋሁት፤ ገባ። «ሳቢው።» በሁለት እጄ ብስበው እምቢ አለኝ። «አየሽ፣ ሲጫኑት ይታዘዛል፣ ሲስቡት ይከራከራል። ጤነኛ ማለት ይኼ ነው።»

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ብዙ ሰው መኪናውን የሚሸከመው አሞርዛተሩ ይመስለዋል። የሚሸከመው ሞላው ነው። ጎማው ከጉድጓድ ሲወጣ ሞላው ይታመቅና የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል፤ ብቻውን ቢተው መወዛወዙ ቶሎ አይበርድም። አሞርዛተሩ ዘይት የሞላበት ቱቦ ነው። በውስጡ ፒስቶን ይመላለሳል፤ ዘይቱ በፒስቶኑ ጠባብ ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ሲያልፍ ያ የሞላ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። መኪናዋን ሽቅብ የሚወረውራት የታመቀው ሞላ ሲዘረጋ ስለሆነ፣ አጥብቆ መያዝ ያለበትም መልሱን ነው። ለዚህ ነው ከመግፋቱ ይልቅ መሳቡ የሚከብደው። አባቴ አንዱ ብቻ አልቆ እንኳ ሁለቱን ይገዛል፤ ግራው አዲስ ቀኙ አሮጌ ከሆነ ጉድጓድ ላይ እኩል አይመልሱም።

ቅዳሜ ማታ የዛጉትን ብሎኖች ነጭ ጋዝ በብሩሽ ቀብቶ ያሳድራቸዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናው ሲጠጣ ቱታውን ይለብሳል። ከኩሽናው አጠገብ መሬቱ ጠፍጣፋ ነበር። የኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይገባላቸዋል፤ ላዳዋ በክሪክ ትነሣና ከሥሯ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይደገፋል። «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይጠብቅም» ይላል፤ ያለ ጉማጁ ጭንቅላቱን ከሥሯ ሲያስገባ አይቼው አላውቅም። ጎማው ይወልቃል። የአሞርዛተሩን የላይኛ ዳዶ የመጀመሪያ ጥንካሬ ራሱ ያላላውና፣ የቀረውን ለእኔ ትቶ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው።

የላዳ የፊት አሞርዛተር በሞላው መሃል ያልፋል። የላይኛው ጫፉ ሞተሩ ቤት ውስጥ፣ በፓራፋንጎው በኩል ባለ ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ እዚያ ላይ ጎሚኒ፣ ሮንዴላና ዳዶ አለው። ዳዶውን በ17 ቁልፍ ሲያዞሩት ዘንጉ አብሮ ስለሚዞር፣ ጫፉን በ6 ቁልፍ ቆንጥጦ መያዝ ያስፈልጋል። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዤ፣ ራዲያተሩ ላይ በደረቴ ተደፍቼ፣ ጥርስ በጥርስ እፈታዋለሁ። ከታች እሱ አሞርዛተሩን ከነመያዣው ከታችኛው ክንድ ጋር ያሰሩትን ሁለት 13 ዳዶዎች ይፈታል። አሮጌው በሞላው መሃል ተንሸራትቶ ወደ ታች ይወጣል። ሞላው ከቦታው አይነካም፤ የላዳ ደግነቷ እዚህ ላይ ነው። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች አሞርዛተሩ ከነሞላው ተጣምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሞላውን አስሮ የሚያምቅ መሣሪያ በሌለበት ግቢ ውስጥ የሚነካ ነገር አይሆንም ነበር።

አዲሱ ሲገባ የእኔ ትልቁ ሰዓት ይመጣል። እሱ ከታች በሞላው ውስጥ ሽቅብ ይልከዋል። እኔ ቀዳዳው ላይ አፍጥጬ እጠብቃለሁ። በቀዳዳው የብርሃን ቁራጭ ይታያል፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ቀጥሎ በዘይት የሚያብለጨልጭ የዘንግ ጥርስ።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት!»

«እንዳትለቂው፣ ይመለሳል።»

በሁለት ጣቴ ጨብጬ ጎሚኒውን አጠልቃለሁ፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውን። ጥርሱ ሳይጣመም መንከሱን ጣቴ ሲያውቅ ነው የምተነፍሰው። ወንድሞቼ ኳስ ሜዳ ናቸው። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ጥፍሯ ሥር ግራሶ ያለባትን ልጅ ማን ይሆን የሚያገባት?» ትላለች። ከመኪናው ሥር መልስ ይመጣል፦ «እጇ ቀጭን ነው፣ ይገባል።»

ወሬው የሚጀምረው እዚያ መሃል ነው። እሱ አያየኝም፣ እኔም አላየውም። ዝምታው ቢረዝም የሚያሳፍር አይደለም፤ ሁለታችንም እጃችን ሥራ ይዟል። ቤት ውስጥ የማይጠየቀው እዚያ ይጠየቃል። የአባቴ የግራ እጅ ቀለበት ጣት ጫፍ የላትም። በቤተሰቡ የሚታወቀው በልጅነቱ በር እንደተዘጋባት ነበር። አንድ እሁድ ከላይ ሆኜ፣ ቁልፉን ሳላቆም፣ «አባባ፣ ጣትህን ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ቢያየኝ ኖሮ አልጠይቀውም ነበር።

በር አልነበረም። ከታክሲው በፊት የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አሰብ እየተመላለሰ፣ ቀን በረሃው ሲያቃጥል መኪናው ሥር ተኝቶ፣ ማታ እየተጓዘ። በዚያ ዘመን ረዳት ማለት ዳገት ላይ ታኮ ይዞ ከመኪናው ጎን የሚሮጥ ልጅ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሽቅብ፣ ሙሉ ጭነት እንደያዙ ሞተሩ ጠፋና መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ታኮውን ከተተ። እጁን ለማውጣት ግን ዘገየ። «ሾፌሩ ሸማውን ቀዶ አሰረልኝና ሳንቆም አዲስ አበባ ገባን» አለ ከታች። «ለእናቴ በር ነው አልኳት። እውነቱን ብታውቅ መኪና ላይ አትሰደኝም ነበር።» አያቴ ያኔ ከሞተች ቆይታለች። ውሸቱ ግን እሷን አልፎ ለእናቴም፣ ለእኛም ተርፎ ኖሯል። ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጋዝ ሲታጠብ ጣቷን አላየኋትም፤ በእሱም ፊት ላይ እንደነገረኝ የሚያስታውቅ ነገር አልነበረም። ያ ወሬ መኪናው ሥር የተነገረ ነውና መኪናው ሥር ቀረ።

ፊቱን ስለማላይ ሐሳቡን የማነበው ከቁልፉ ድምፅ ነበር። ሲረጋጋ ጥርሱ እኩል እኩል ይላል። ሲቆጣ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሲያዝን ይቆማል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ የተመደብኩት ዓለማያ ነበር። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ወሬውን ይዤው ሰነበትኩ፤ መጀመሪያ ያወጣሁት ለቀዳዳው ነው። «አባባ፣ ዓለማያ ደረሰኝ።»

ቁልፉ ቆመ።

እኔም አቆምኩ። ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ መጣ፦ «ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። አሰበ ተፈሪን ካለፍሽ ጠመዝማዛው ይበዛል፤ አውቶቡሱ ላይ ኋላ ወንበር እንዳትቀመጪ፣ ያስመልሳል። ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል። ቁልቢ ላይ ይበርዳል፣ ጋቢሽን ጭነቱ ላይ እንዳታሰቅዪው።» ቁልፉ እንደገና መዞር ጀመረ። «ጎበዝ» ወይም «አትሂጂ» አላለኝም። መንገዱን ግን ከአዲስ አበባ እስከ ዓለማያ ኩርባ በኩርባ ነገረኝ። ስሄድ ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ።

ምሽት ላይ ጎማዎቹ ተመልሰው፣ ላዳዋ መሬት ረግጣ፣ ዳዶዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ክብደቷን ተሸክማ ሳለች ይጠብቃሉ። አባቴ ፓራፋንጎዋን ይጫንና ይለቃል። ተነሥታ ቀጥ ትላለች። ከዚያ እኔን ከፊት አስቀምጦ ኮረኮንቹን ወርደን እንመለሳለን። በዚያ ጉዞ ላይ አናወራም፤ የሚሰማውም አሞርዛተሩ ነው።

ላዳዋን ከሸጣት ብዙ ዘመን ሆኖታል። እሱም አርጅቷል፤ እኔ ደግሞ ባለመኪና ሆኛለሁ። ቤቱ ስሄድ ሶፋ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ጤና፣ ልጆች፣ ዝናብ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይረከበናል። ሐኪም ቤት ስወስደው ግን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለታችንም ወደፊት መንገዱን ስናይ፣ ምላሱ ይፈታል። በቅርቡ እንዲህ ስንሄድ የጀመረውን ወሬ አቋርጦ «የግራው አሞርዛተርሽ አልቋል» አለኝ።

እውነት ነበር። የወሰድኩበት ጋራዥ በሩ ላይ ደንበኛ ወደ ውስጥ መግባት ክልክል መሆኑን ጽፏል። የእኔ መኪና፣ እንደ ዛሬዎቹ አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች፣ አሞርዛተሯ ከሞላዋ ጋር አንድ ላይ ነው፤ በአሜሪካዊው መሐንዲስ በኧርል ማክፈርሰን ስም የሚጠራው አሠራር። ሞላውን በመሣሪያ ማመቅ አለ፣ ሲያልቅ የጎማ አላይመንት አለ፤ በቤት የሚሞከር አይደለም። ከውጭ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ሲጋራ ሊያጨሱ ወጡ። ወሬ ወሬን አምጥቶ፣ በልጅነቴ የላዳ አሞርዛተር ከላይ እይዝ እንደነበር ነገርኳቸው። ሳቁ።

«የላዳ የፊት አሞርዛተር? እሱማ የአንድ ሰው ሥራ ነው የኔ ልጅ! ከላይ በሁለት እጅሽ ትፈቺያለሽ፣ ወርደሽ ታችኛውን ትፈቺያለሽ። ስትገጥሚም ዘንጉን እስከ መጨረሻው ስበሽ ከታች ትልኪዋለሽ፤ ታችኛውን ካሰርሽው ላይኛው የት ይሄዳል? ተነሥተሽ ዳዶውን ማጥበቅ ነው።»

በሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ፣ መንገዱን እያየሁ ጠየቅኩት። «አባባ፣ ላዳዋን ብቻህን መቀየር ትችል ነበር እንዴ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ሁለት ሰው ሲሆን ይፈጥናል» አለ።

ከጠዋት ቡና እስከ ምሽት የሚፈጀውን ሥራ ነው ይፈጥናል የሚለኝ። አልተከራከርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። እናቶቻችን ከልጅ ጋር ለመጫወት ሰበብ አላጡም። ምስር ለቀማው፣ ጥጥ ፈተላው፣ ሽንኩርት ከተፋው ሁሉ እጅን ሥራ አስይዞ ዓይንን ከዓይን የሚያሳርፍ ነበር፤ የሴቶቹ ትልልቅ ወሬ የወጣው እንዝርት እየሾረ ነው። ገበሬ አባትም ልጁን አስከትሎ ማሳ ይወርዳል፤ ሁለቱም በሬዎቹን እያዩ ይነጋገራሉ። መሪው ላይ የሚውለው የከተማ ባለታክሲ ግን ልጁን የሚያስጠጋበት ሥራ የለውም። ፊት ለፊት ተቀምጦ «እስቲ አውሪኝ» ማለትን ማንም አላስተማረውም። በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፤ እሱ ግን በየዓመቱ አሞርዛተር የሚያልቅባት መኪና ነበረችውና እሷን ተጠቀመባት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የእህቴ ልጅ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ገዝቷል። አባቴ አንድ ቀን ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ካንዴላ እንደሌላት፣ የሞተር ዘይት እንደማይቀየርላት ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፓራፋንጎዋን በአሮጌ መዳፉ ተጭኖ ለቀቀ። «አሞርዛተሩ ግን አለ» አለ፤ «ባትሪው ከባድ ነው አሉ፣ ቶሎ ይጨርሰዋል።» ልጁ ስልኩን እያየ «ዋስትና አለው አያዬ፣ እነሱ ይቀይሩታል» አለው።

የእኔ አሞርዛተሮች ገና መቀየራቸው ነው፤ ድምፅ የላቸውም። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እሄድና «አባባ፣ የግራው በኩል እንደገና የሚያንኳኳ መሰለኝ፣ እስቲ አብረኸኝ ስማው» እለዋለሁ። ኮቱን ለብሶ ይወጣል። ከአያት እስከ ኮተቤ እናዳምጣለን፤ ደህና መሆኑን እሱም ያውቃል። «ትንሽ እንሂድና በደንብ እንስማው» ይለኛል።